የኔታ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ

ሰብለ ወንጌል ወደ ሆቴሉ የገባችው ሸራ ጫማዋን በአንድ እጇ፣ በፌስታል የተጠቀለለ አምባዛ በሌላ እጇ አንጠልጥላ ነው። ጫማው ከጀልባዋ ስትወርድ ውሃ ጠጥቶ ነው። ዓሣው ለብሩክ ነው። ብሩክ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሲሆን፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ጌታም እሱ ነው። የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ የሽቦ ኢንተርኔት እንደ ጠበል ምንጭ ሆኗል፤ ያለበትን ያወቀ ሰው ለጎረቤቱ ሳይነግር ነው በጓሮ በር የሚሄድ። ሆቴሉ ለአልጋ ተከራይ እንጂ ለአላፊ አግዳሚው አይፈቅድም። አምባዛ ግን ያልከፈተው በር የለም።

"ዛሬስ ጥጃ ነው ያመጣሽው!" አለ ብሩክ ፌስታሉን ከባንኮኒው ሥር እየከተተ። "በዚህ እንኳን ኢሜይል ፊልምም ታያለሽ።"

"ወሬውን ተውና ወንበሩን ልቀቅልኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ካልላክሁ ቤቴ ሄደ።"

"ያንቺ ቤት መቼ ቆሞ ያውቃል? ሞተር አለው እኮ!"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ከግድግዳው ሰዓት ላይ ዓይኗን አላነሣችም። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው።

ቤት ያለችው ጀልባዋን ነው። ስሟ "ዜማ" ነው፤ የቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት አግዳሚ አልጋ፣ ስትነሣ የምታስል አንዲት ሞተር አላት። ሰብለ ወንጌል ለአንድ ፕሮጀክት ተቀጥራ በእሷ እየዞረች የጣናን እምቦጭ አረም ስትለካ ኖራለች። መጀመሪያ ላይ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ነበር። አከራይዋ ኪራይ በጨመሩ ቁጥር ቤት ትቀይራለች፣ ቤት በቀየረች ቁጥር ፍራሿ ይሳሳል። መጨረሻ ላይ ለማንም ሳትናገር ፍራሿንና ቡታጋዟን ተሸክማ ጀልባዋ ላይ ገባች። ፕሮጀክቱ "በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" የሚል ሪፖርት ጽፎ ሲዘጋ፣ እምቦጩ ሪፖርቱን ስላላነበበው ማደጉን ቀጠለ፤ እሷም ከጀልባዋ አልወረደችም።

ከዚያ በኋላ ነው የአቶ አዘዘ ኢሜይል የመጣ። አቶ አዘዘ አዲስ አበባ ያለው የፕሮጀክቱ ዋና መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጀልባዋን ስትጠቀምባት የቆየችው ሠራተኛ ልትረከባት ፈቃደኛ ከሆነች፣ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኢሜይል በጽሑፍ ታሳውቅ። ካላሳወቀች ጀልባዋ ወደ መጋዘን ትግባ። መጋዘኑን ሰብለ ወንጌል ታውቀዋለች። ከዚህ በፊት "የገቡት" ሁለት ጀልባዎች በሣሩ ላይ ተደፍተዋል፤ በአንደኛዋ ሥር ዶሮ ትፈለፍላለች፣ ሁለተኛዋ ለዘበኛው ማድቤት ጣራ ሆናለች።

ኢሜይሉን ያነበበችው ባለፈው ሳምንት ሐይቁን ተሻግራ፣ አገሯ ጎርጎራ፣ የወደቡ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ያኔውኑ ትመልስ ነበር። ግን የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ገድሉ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት ሲያነብ አየችውና ተናዳ ብድግ ብላ ወጣች። ባሕር ዳር ስደርስ እመልሳለሁ ብላ ነበር። መንገድ ላይ እምቦጩ ሞተሯን ተብትቦ ያዘባትና ቁንዝላ ዳር ስትፈታ ሰነበተች። እነሆ ዛሬ ደረሰች፤ የመጨረሻው ቀን።

ኢሜይሏን ከፈተች። የአቶ አዘዘ መልእክት እንዳለ አለ። ከጎን ግን "ረቂቅ" ከሚለው አጠገብ አንድ ቁጥር ተቀምጣለች። ሰብለ ወንጌል ምንም አልጀመረችም ነበር። ተጫነችው።

"ይድረስ ለክቡር አቶ አዘዘ፤" ይላል። ሌላ የለም።

ዓይኗን አሸች። ገጹን አደሰችው።

"ይድረስ ለክቡር አቶ አዘዘ፤ በያሉበት፤"

"ብሩክ!" አለች ድምጿ ቀጥኖ። "ይኼ ነገር ራሱን ይጽፋል።"

ብሩክ መጥቶ አጎነበሰ። ገጹ ሲታደስ አንድ ቃል ጨመረ።

"ተበልተሻል" አለ እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ። "አንዱ ገብቶብሻል። በስምሽ ሊጽፍ ነው። ፓስወርድሽን ማን ያውቃል?"

 ፓስወርዷ የክርስትና ስሟ ነው። የካህን ልጅ የክርስትና ስሟን ለነፍስ አባቷ እንጂ ለሰው አትናገርም፤ ክፉ ደብተራ እጅ ከገባ ስንቱን ይደግምበታል። ስለዚህ ከዚህ የተሻለ ምስጢር በዓለም የለም ብላ ነበር ያስቀመጠችው። ታዲያ ማን ነው? እናቷ አርፈዋል። የክርስትና እናቷ እንኳን ኮምፒውተር የእጅ ስልክም አይዙም። የነፍስ አባቷ ሱባኤ ናቸው።

"እይው እዚህ ታች" አለ ብሩክ። "ሌላ ኮምፒውተር ላይም ተከፍቷል ይላል። ይቺን ስትጫኚ ካንቺ በቀር ያለውን ሁሉ ታስወጣዋለች። አንድ ጠቅታ ነው። ሌባው ሜዳ ላይ ይቀራል።"

ማውሱን ወሰደችው። ጣቷ ወረደ ሲባል ረቂቁ እንደገና አደገ።

"ከሁሉ አስቀድሞ የማይለወጠውና የማይሻረው የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንደምን ሰንብተዋል? ከባለቤትዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ከልጆችዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንደምን አወጣችሁ?"

ሰብለ ወንጌል ጣቷን ከማውሱ ላይ እንደ እሳት አነሣችው።

"ምነው?"

"አባቴ ናቸው።"

በጎርጎራ ዙሪያ እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚጽፉ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል። ገና አሁን ትዝ አላት፤ የዚያን ዕለት ተናዳ ስትወጣ ኢሜይሏን አልዘጋችውም። የክርስትና ስሟን ከሰው ሁሉ ደብቃ፣ በሩን ግን ወለል አድርጋ ትታ ነው የሄደች።

"እና አባትሽ ከሆኑ ምን ችግር አለው? አስወጫቸው" አለ ብሩክ። ብሩክ ያደገው አዲስ አበባ ነው።

"በሰላምታቸው መካከል?"

ብሩክ አልገባውም። መሪጌታ ሰላምታ ሲሰጡ ዓሣ እንኳ ከመረቡ አይወጣም፤ ሰዉ ቆሞ ይጠብቃል። ሰብለ ወንጌልም ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። አባቷ ሰላምታቸው ካላለቀ ጉዳይ አይጀምሩም። ሲያልቅ ደግሞ "ዳሩ ግን" ይላሉ። ከ"ዳሩ ግን" በኋላ ያለው ሁልጊዜ አለንጋ ነው። ትምህርት ቤት የቀረችበትም፣ ሐይቅ የዋኘችበትም፣ ለትዳር የጠየቃትን የቅዳሴ መምህር እምቢ ያለችበትም ቀን በ"ዳሩ ግን" ነው የመጣባት።

ዛሬ ምን እንደሚመጣ አልጠፋትም። በግንቦት የማኅበር ቀን አንዱ ቅናተኛ፣ "የመሪጌታ ልጅ እንደ ጉማሬ ውሃ ውስጥ ታድራለች አሉ" ብሎ ነበር። መሪጌታ ጽዋውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ባገኟት ቁጥር "መሬት ውረጂ" ነው ቃላቸው።

ስልኳን አንሥታ ገድሉ ዘንድ ደወለች።

"ኮምፒውተሩ ላይ ማን ነው ያለ?"

"ማንም የለም" አለ ገድሉ በሹክሹክታ። "ማለቴ... የኔታ ናቸው።"

"አንተ ነህ የነገርሃቸው!"

"ከፍተሽው ሄድሽ! እኔ የተከፈተ ነገር ካየሁ አነባለሁ፤ አፈጣጠሬ ነው። ካነበብሁ ደግሞ..."

"ትለፈልፋለህ።"

"ለየኔታ መንገር መለፍለፍ ነው? ያስተማሩኝ ናቸው።"

"ገድሉ፣ ስማኝ። ሶኬቱን ንቀለው።"

"ምን?"

"ንቀለው አልሁህ!"

"የኔታ እየጻፉ? ሰብሌ፣ እኒህ ሰው ዳዊት ያስደገሙኝ ናቸው። አንድ ቃል ስለሳትሁ ያሳረፉብኝ አለንጋ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይጠዘጥዘኛል። አንቺ ሐይቅ ማዶ ቁጭ ብለሽ ንቀል ትያለሽ።"

"የት ደርሰዋል?"

የወንበር መንቋቋት ተሰማ። ገድሉ አንገቱን አስግጎ ነበር መቼም።

"ገና ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ዘበኞች ጤና እየጠየቁ ነው። ንጉሡን 'ሠ' ፍለጋ ብዙ ቆዩ። በእሳቱ 'ሰ' ይጻፉት ብላቸው በዓይናቸው ገረፉኝ።"

አሥር ተኩል ሆነ። ሰብለ ወንጌል ገጹን ታድሳለች፣ ሰላምታው ይረዝማል። ዘበኞቹ አለቁ። ተላላኪዋ ተጠየቀች። ሾፌሩ፣ "በየመንገዱ የሚንከራተተው ወንድማችን"፣ ከነመኪናው ተባረከ። ብሩክ በጉጉት ወንበር ስቦ ተቀምጧል። አንድ ቁልፍ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳም ከኋላቸው ቆሞ ማንበብ ጀምሯል።

"ከብቶቹን ረሷቸው" አለ እንግዳው።

"አዲስ አበባ ከብት የለም" አለው ብሩክ።

"ስልኩን ስጣቸው" አለች ሰብለ ወንጌል ለገድሉ።

"ሰላምታ ላይ ናቸው እያልሁሽ!"

"እየለመንሁህ ነው።"

"ሰብሌ..." ገድሉ ድምፁ ተለወጠ። "'ዳሩ' ጻፉ።"

ገጹን አደሰችው። "ዳሩ ግን" ይላል። ባዶ ቦታው ላይ እንደ ተሰቀለ ቢላ።

"አባባ!" ብላ ጮኸች በስልኩ ውስጥ። ሻይ የሚጠጡት እንግዶች ዘወር አሉ። ማዶ ገድሉ በድንጋጤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎት ነበር። የአንድ ሽማግሌ ሳል ተሰማ።

"ማን ነው ሰላምታ ሳይሰጥ የሚጮህ?"

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ሰብለ ወንጌል ጥርሷን ነከሰች።

"እንደምን ዋሉ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ እንደምን ዋልሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ?"

"ተመስገን፤ ለዛሬ ይሻለኛል። ውሃው እንደምን ነው? ነፋሱ አይሎ ነበር አሉ።"

"ደኅና ነው። አባባ፣ ምን ሊጽፉ ነው?"

"ልጄ የተወለደችው መሬት ላይ ነው፤ ጀልባችሁን ውሰዱልኝ ልል ነው።"

"ቤቴ ናት።"

"ቤት ማለት ደጅ ያለው ነው" አሉ መሪጌታ። አልተቆጡም፤ ይኼ ባሰባት። "እንግዳ ሲመጣ ቁጭ የሚልበት። ያንቺ ደጅ የት ነው? ልጄን ልጠይቅ ብዬ ከዘራዬን አነሣለሁ። ወዴት ልሂድ? ዛሬ ቁንዝላ ናት ይሉኛል፣ ነገ ደልጊ ናት ይሉኛል። ወደቡ ላይ ቆሜ የመጣ ያለፈውን ጀልባ ሁሉ ሳይ እውላለሁ። ሰዉ ምን ይላል መሰለሽ? መሪጌታ ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ።"

ገድሉ ማዶ ሳቁን በሳል አፈነው። ሰብለ ወንጌል አልሳቀችም። የተዘጋጀችው ለአለንጋ ነበር እንጂ ለዚህ አልነበረም።

"ከተማ ስንት ቤት ቀየርሁ አባባ። በየቤቱ 'ግቢ' ያለኝ አለ፣ 'ውጪ' ያለኝ ግን ይበልጣል። 'ውጪ' ያላለችኝ ይቺ ጀልባ ብቻ ናት።"

ማዶ ከዘራቸው ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ሰብለ ወንጌል የግድግዳውን ሰዓት አየች።

"ሰላምታዎን አልነካም" አለች ቶሎ ብላ። "እንዳማረ ይሂድ። ከ'ዳሩ ግን' በኋላ ያለውን ግን ለእኔ ይተዉልኝ። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።"

"አንድም አትቆርጪበት?"

"አንድ ፊደል እንኳ አልቆርጥም።"

"የሾፌሩንም?"

"የሾፌሩንም።"

"እጄን አንሥቻለሁ" አሉ መሪጌታ።

ሰብለ ወንጌል ከ"ዳሩ ግን" ቀጥላ ጻፈች፤ "ጀልባዋን ለመረከብ ፈቃደኛ ነኝ። ሰብለ ወንጌል ኃይለ ገብርኤል።" "ዳሩ ግን" የሚለው ከፊቱ ትርጉም አልሰጠም፤ ግን ቃል ገብታለች። ረቂቁ ተቀመጠ የሚለው ጽሑፍ ብልጭ አለ። ማውሷን ወደ "ላክ" ወሰደችው።

መብራት ሄደ።

ኮምፒውተሩ እንደሚያንቀላፋ ሰው ቃተተና ጠቆረ። የሆቴሉ ሙዚቃ ቆመ። ከውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሱቆቹ ጀነሬተር አንድ በአንድ ማጓራት ጀመረ።

"ጀነሬተር! ብሩክ፣ ጀነሬተሩን አስነሣው!"

"ለሠርግ ብቻ ነው" አለ ብሩክ አንገቱን ደፍቶ። "ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ጋ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሠርግ ላይ ነው።"

ስልኩ ግን እንዳለ ነው።

"አባባ! እዚያ መብራት አለ?"

"ሶላር ነው፤ ምን ይሆናል" አለ ገድሉ በኩራት።

"ደብዳቤውን ዝጋውና እንደገና ክፈተው። ከታች የጻፍሁት አለ?"

"አለ። 'ፈቃደኛ ነኝ' ይላል።"

"በለው 'ላክ' የሚለውን—"

"ቆይ" አሉ መሪጌታ። "ሳላነብ? እኔ ሳላነብ አሳልፌ አላውቅም።"

"አባባ ሰዓቱ ደርሷል! አንድ መስመር ናት!"

"አንድ መስመርም ይነበባል። መልካም፤ አይቼዋለሁ። ዳሩ ግን—"

ኔትወርኩም ሄደ።

ደወለች። ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ ደንበኛው ሊገኙ አልቻሉም አለቻት። ደግማ ደወለች። ባዶ እግሯን ወጥታ ወደ ባንኩ ሮጠች፤ ጀነሬተሩ ይሠራል፣ ዘበኛው ግን ጫማ ያላደረገ ደንበኛ አላስገባም አላት። ከጎኑ ያለው የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ፎቶ ኮፒውን ሸፍኖ ዘግቷል። ከዘንባባዎቹ ሥር ቆማ ስትደውል አሥራ አንድ ሰዓት በአጠገቧ አለፈ፤ ማንም ልብ አላለውም።

ወደ "ዜማ" ተመለሰች። ድስቷን አጠበች። ፍራሿን ጠቀለለች፣ መልሳ ዘረጋችው። "ዳሩ ግን" ከሚለው በኋላ አባቷ ምን እንዳሉ ሐይቁን ብትጠይቀው ሐይቁ የራሱን ነገር ነው የሚያወራ። በአባቷ እጅ የነበረችው አንዲት መስመር ናት፤ መሰረዝም መላክም ይችላሉ። አስወጥታቸው ቢሆን ኖሮ! አንድ ጠቅታ ነበር። ከዚያ ደግሞ ወደቡ ላይ በከዘራ ቆሞ ጀልባ የሚቆጥር ሽማግሌ ይታያታል፤ መናደዷን ታጣዋለች። ፀሐይዋ ወደ ዘጌ በኩል ስትገባ ፍራሿን እንደገና ጠቀለለችው።

በማግስቱ ጠዋት ብሩክ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኖ ፎጣ እያወዛወዘ ጠራት። መብራት መጥቷል። በዚህ ጊዜ ጫማ አደረገች።

ተልኳል። አሥራ አንድ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተልኳል። ሰላምታው ሙሉ ነው፤ መስመሯም አለች። ግን በ"ፈቃደኛ ነኝ" እና በስሟ መካከል አዲስ ነገር ገብቷል፤

"ይህም የሚጸናው ጀልባዋ በየወሩ በመድኃኔዓለም ዕለት ጎርጎራ ወደብ ደርሳ፣ የልጅቷ አባት እንደ እንግዳ ደጇ ላይ ሲቀመጡባት ነው። ደግሞም በዓመቱ በዓል ካህናቱን ከነጥላቸው ሐይቁ ላይ ወዳለው ገዳም ታደርሳለች። እማኞች፤ ገድሉ፣ የወደቡ ጸሐፊ፤ ቄስ ሀብተ ሥላሴ፣ ትኬት ሊጠይቁ የመጡ።"

"ሴት የማትረግጠው ገዳም አይደል እንዴ?" አለ ብሩክ።

"እሱ ነው።"

"ታዲያ አንቺ?"

"አድርሼ ጀልባዬ ላይ እቀመጣለሁ። ቤቴ አይደለች?" አለች ሰብለ ወንጌል። ሳቋ አመለጣት፤ ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ ስለነበር ረጅም ነበር።

አቶ አዘዘ ከነጋ መልሰዋል። "ስለ ጤንነታችን ስለጠየቁ በመላው የክፍሉ ሠራተኞች ስም እናመሰግናለን። ሾፌራችን ደብዳቤው ይነበብልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ተነብቦለታል። ጀልባዋን በስምዎ አዛውረናል፤ የተጠቀሰው ግዴታም በርክክቡ ሰነድ ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል።" ሕግ ክፍሉ አይቶታል ይላል ከታች። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጠበቃ ቁጭ ብሎ የካህናቱን ጥላ በአንቀጽ አስገብቶታል።

ሰብለ ወንጌል ለመዝጋት እጇን ስታነሣ ዓይኗ ወደ ጎን ሄደ። "ረቂቅ" ከሚለው አጠገብ እንደገና አንዲት ቁጥር ተቀምጣለች።

"ይድረስ ለክቡር አቶ አዘዘ፤ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሾፌሩ እንደምን አድሯል?"

ወዲያው ደወለች።

"ገድሉ! አሁን ደግሞ ምን ሊጠይቁ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?" አለ ገድሉ በሹክሹክታ። ወዲያው ግን አፉን መያዝ አልቻለም። "ካህናቱ የጀልባዋ ጣራ ያፈሳል ብለዋል። አዲስ ቆርቆሮ ነው መሰለኝ። መቀመጫውም ለሽማግሌ ወገብ አይሆንም ተብሏል።"

ብሩክ አጎንብሶ ማውሱን ያዘና ወደ ታችኛዋ መስመር ወሰደው። "አሁንስ? ላስወጣቸው?"

ሰብለ ወንጌል እጁን ከማውሱ ላይ አነሣችለትና ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

"ተው" አለች። "ገና ሰላምታ ላይ ናቸው።"